ገንዘቡ የት ነው የተኛው?

ለፋሲካ ድሬ ወርጄ ነበር። ሳቢያን፣ እናቴ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ነፋስ እየጠበቅኩ ሳለ አንድ የሰፈር ልጅ ባጃጁን አቁሞ ወረደ። ሳውቀው ኳስ የሚያሳድድ ሕፃን ነበር። አሁን በኢኮኖሚክስ ዲግሪ አለው። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ አጣና የሰው ባጃጅ ይነዳል። ከመቀመጫው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ሲቪ አውጥቶ ሰጠኝ።

«አቦ እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ እንዴት ገባሽበት?»

ገባሽበት ያለው ኢንቨስትመንት ባንክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዱ ተንታኝ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ውጭ አገር አልተማርኩም። ማስተርስ የለኝም። የሚያስገባኝ ዘመድም አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድሬ ውስጥ፣ በአንድ የትራንዚት ቢሮ፣ ሒሳብና የጉምሩክ ወረቀት ስሠራ ነው የኖርኩት። ልጁ ሰው ሊጭን ይቸኩል ስለነበር የመለስኩለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ረጅሙን መልስ እዚህ ልጻፈው። እንደሱ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸውና።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። ባንክ ሲባል የሚታየን የገንዘብ ከፋዩ መስኮት፣ የቁጠባ ደብተርና ብድር ነው። ኢንቨስትመንት ባንክ ይህን አይሠራም። ድርጅት ገንዘብ ሲፈልግ አክሲዮን ወይም ቦንድ ለሕዝብ እንዲሸጥ ያዘጋጀዋል። ድርጅቱ ስንት እንደሚያወጣ ይተምናል። ገዢው ማወቅ ያለበትን ሁሉ የሚይዘውን ሰነድ፣ ፕሮስፔክተስ የሚባለውን፣ ያሰናዳል። አንዱ ድርጅት ሌላውን ሲገዛም ያማክራል። የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው፣ ግን ያደክማል። የድርጅቱን ያለፉ ዓመታት ሒሳብ እወስዳለሁ። በኤክሴል እበትነዋለሁ። ከዚያ መጪዎቹን ዓመታት እገምታለሁ። እናቴ ለጎረቤት «ባንክ ገባች» ብላ ነው የምትናገረው። ይበቃታል።

ኒውዮርክና ለንደን ውስጥ ወደዚህ ሥራ የሚያስገባው መንገድ የታወቀ ነው። ትልልቆቹ ባንኮች ከተመረጡ ዩኒቨርሲቲዎች ይመለምላሉ። ተማሪው ሳይመረቅ አንድ የዕረፍት ወቅት ባንኩ ውስጥ ይለማመዳል፤ ከወደዱት ሲመረቅ ይቀጥሩታል። ይህ ያመለጠው ከኦዲት ድርጅት ይሻገራል፣ ወይም ኤምቢኤ ይማራል፣ ወይም ከትንሽ አማካሪ ቤት ይጀምራል። ከዚህ ሁሉ ውጭ የገቡም አሉ። ሲድኒ ዋይንበርግ በ1907 እ.ኤ.አ. ጎልድማን ሳክስ ሲገባ የጽዳት ሠራተኛው ረዳት ነበር። በ1930 የድርጅቱ መሪ ሆነ። ፎርድ በ1956 አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲሸጥ ሥራውን ከመሩት አንዱ እሱ ነው።

የዋይንበርግን ታሪክ እወደዋለሁ። የእኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሱ የገባው ሥራው ወዳለበት ቤት ነው። እኛ አገር ቤቱ ራሱ ገና እየተሠራ ነው። በንጉሡ ዘመን በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚገበያዩበት መድረክ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ሲወረሱ ያ ሁሉ ቀረ። ከዚያ በኋላ ወደ ሃምሳ ዓመት ዝምታ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጁ የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም የወጋገን ባንክ አክሲዮን ነው። የኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ ቀድመው ካገኙት ውስጥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ወጋገን ባንክ ያቋቋሟቸው አሉ። እንግዲህ አገር ውስጥ አሥር ዓመት የሠራ ኢንቨስትመንት ባንከር ከየት ይመጣል? ሁሉም ከሌላ ሥራ ነው የሚመጣው። ኦዲተር ይመጣል፣ የብድር ሠራተኛ ይመጣል፣ የሕግ ባለሙያ ይመጣል። ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ለዓመታት አንድ የተደበቀ በር ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ሌሎቹ የሚያውቁት፣ እኔ የማላውቀው።

የትራንዚት ቢሯችን ለገሃር አካባቢ ነበር። ሥራዬ የሰው ዕቃ ከጅቡቲ እስኪገባ ወረቀቱን መከታተል ነው። ኤልሲው፣ ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ መቼ ተከፈተ? ባንኩ ስንት በመቶ አስያዘ? መርከቡ መቼ ደረሰ? የጉምሩክ መግለጫው፣ ዲክላራሲዮኑ፣ መቼ አለፈ? ቀረጡ ስንት መጣ? ኮንቴይነሩ በጊዜው ካልተነሣ ዲመሬጅ የሚባል የመዘግየት ክፍያ ይቆጥራል፣ ያውም በዶላር። ዘጠኝ ዓመት ቀን ስቆጥር ኖርኩ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከደንበኞቻችን አንዱ አዛውንት ነጋዴ ነበር። ሁሉም ሰው ሐጂ ይለዋል። እኛ ድሬዎች ለትልቅ ሰውም «አንተ» እንላለን። ንቀት አይደለም፣ ቅርበት ነው፤ ሐጂም በሌላ ብጠራው ቅር ይለው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ፋይሉን ከፍቼ ያለፈው ጭነት ስንት እንዳተረፈ ልነግረው ስጀምር ያቋርጠኛል።

«ትርፉን ተዪው። ገንዘቡ የት ነው የተኛው?»

መጀመሪያ ላይ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ቀስ እያለ አስረዳኝ። በምሳሌ ላስቀምጠው። ነጋዴው ለኤልሲ ያስያዘው ብር 40 ቀን ባንክ ተኛ እንበል። ዕቃው 30 ቀን ባሕር ላይ ነበር። ወደቡና መንገዱ 12 ቀን ወሰዱ። ሱቅ ውስጥ 60 ቀን ተቀመጠ። በዱቤ ተሸጦ ብሩ እስኪመለስ 45 ቀን ሄደ። ድምሩ 187 ቀን ነው። ያ ብር በዓመት ሁለቴ እንኳ አይዞርም። በአንድ ዙር 12 በመቶ ቢያተርፍ የዓመቱ 23 ገደማ ነው። አሁን ከዚያ ላይ 60 ቀን ቀንስ። ዋጋ ሳትጨምር፣ ዕቃ ሳትቀይር፣ ያው 12 በመቶ በዓመት 34 ገደማ ይሆናል። ሐጂ ይህን በጣቱ ነበር የሚያሰላው። ኋላ ላይ የባንከሮቹ መጻሕፍት ውስጥ ሳገኘው «የሥራ ማስኬጃ ካፒታል ዑደት» የሚል ስም ተሰጥቶታል። የቀን አቆጣጠሩም ያው ነው። አንድ ድርጅት ትርፍ እያሳየ ለምን ደመወዝ መክፈል እንደሚያቅተው የሚነግርህ ይኸው ነው።

ስለ ዱቤ ካነሣሁ አይቀር እናቴን ልጨምር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ እኔ የ13 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኛ ተረፍን። የእናቴ ትንሽ ሱቅ ግን ከነዕቃው ሄደ። የዱቤ ደብተሩም ሄደ። ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቅ ወረቀት አልቀረም። በሚቀጥሉት ሳምንታት ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። ራሳቸውም ቤታቸው ውስጥ ጭቃ የገባባቸው ነበሩ። «አንቺ ጋር ይህን ያህል አለብኝ» እያሉ ነገሯት። አንዳንዱ ያን ቀን ከፈለ፤ አንዳንዱ ቀን ቀጠረ። ሁሉም አልመጡም። የመጡት ግን ሱቁን መልሰው አቆሙት። ዛሬ አንድ ድርጅት ያልተሰበሰበ ሒሳቡን ሲያቀርብልኝ የማየው ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ደብተሩ ቢጠፋ ስንቱ ተበዳሪ ራሱ መጥቶ ይናገራል ብዬ አስባለሁ። በኤክሴል የሚገባ ነገር አይደለም። ግን ማን ማን እንደሆነ እንድጠይቅ ያደርገኛል።

ወደ መማሩ ልምጣ። በዕቁብ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛሁ። ማታ ማታ ከኢንተርኔት የፋይናንስ ሞዴል መሥራት ጀመርኩ። ሲኤፍኤ የሚባለውን ባለ ሦስት ደረጃ ፈተና ለመጀመርም አስቤ ነበር። ክፍያው በዶላር ነው። በ57 ብር አስልቼ እያጠራቀምኩ ሳለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ገበያ ነፃ ተለቀቀ። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ። ፈተናውን ተውኩት። ሞዴሉን ግን አልተውኩም። መጀመሪያ የሠራሁት ሞዴል ሀብቱና ዕዳው እኩል አልመጣ ብሎ 11 ሌሊት ፈጅቶብኛል። ስህተቱ የእርጅና ቅናሹን ከትርፉ ቀንሼ ከንብረቱ አለመቀነሴ ነበር። ያን ሌሊት ሲስተካከል ብቻዬን አለቀስኩ።

ከዚያ ኢትዮ ቴሌኮም መጣ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱን በ300 ብር፣ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። ይህ የድርጅቱ 10 በመቶ ነው። ካልኩሌተር ይዤ ተቀመጥኩ። 10 በመቶው 30 ቢሊዮን ከሆነ ድርጅቱ በሙሉ 300 ቢሊዮን ብር ተተምኗል ማለት ነው። ለምን 300? ለምን 200 አይሆንም? ፕሮስፔክተሱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው እውነተኛ የመማሪያ መጽሐፌ እሱ ነው። ማንም ሰው በነፃ ሊያነበው ይችላል፤ ይህን ለባጃጁ ልጅም ነግሬዋለሁ።

በዚያው ወቅት ሥራ ማመልከት ጀመርኩ። 26 ቦታ ላክሁ። ሁለቱ መለሱ። በአንዱ ቦታ ቃለ መጠይቅ ደረስኩ። ጠያቂው ሲቪዬን አገላብጦ «ይህ እኮ የወረቀት አመላላሽ ሥራ ነው» አለኝ። ምንም አልመለስኩም። በአውቶቡስ ወደ ድሬ ስመለስ አዋሽን እስክንሻገር ድረስ ያቺ ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ነበረች። አሁንም ልክ አልነበረም እላለሁ። የሰውን የዘጠኝ ዓመት ሥራ ሳይጠይቁ በአንድ ቃል መጣል ትክክል አይደለም።

መንገዱን ያሳየኝ ሐጂ ነው፤ እሱ ግን አያውቀውም። የቴሌኮሙን አክሲዮን ትገዛለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። በተለመደው ድምፁ መለሰልኝ። «ብሬን ስንት ቀን ነው የማስተኛው? መውጣት ስፈልግ ለማን እሸጣለሁ?» ያኔ ገበያው ገና አልተከፈተም። የገዛኸውን አክሲዮን መልሰህ የምትሸጥበት የተደራጀ ቦታ የለም። ሐጂ ፕሮስፔክተስ አላነበበም። ግን በአንድ ጥያቄ የጉዳዩን ልብ ነካው።

በማግሥቱ ደብተር ይዤ ወጣሁ። ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ ቀፊራ፣ አሸዋ፣ መጋላ፣ ታይዋን የሚባሉትን የድሬ የንግድ ሰፈሮች ዞርኩ። 31 ነጋዴዎችን አነጋገርኩ። የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነው፤ አክሲዮን ለምን አትገዙም፣ ምን ቢሆን ትገዛላችሁ? አንድ ጨርቅ ሻጭ ሻይ አዝዞልኝ ሁለት ሰዓት አወራኝ። አንዷ የቅመም ነጋዴ ሆጃ እያጠጣችኝ መልሳ እኔን መረመረችኝ። ብዙዎቹ ያሉት የሐጂን ነው፤ መውጫው የት ነው? ያላሰብኩት ግን ሌላው ነበር። ድርጅቱ በወለድ ይበደራል ወይ? ትርፉ ሐላል ነው ወይ? ማንን እንጠይቅ? ይህን ስሰማ ወደ ቤት ሄጄ ማንበብ ጀመርኩ። በሌላው ዓለም አንድ አክሲዮን በሸሪዓ መለኪያ የሚጣራበት ደንብ አለ። የሥራው ዓይነት ይታያል፤ የወለድ ዕዳው ከተወሰነ ልክ፣ በብዙዎቹ መለኪያዎች ከሲሦ ገደማ፣ ማለፍ የለበትም። ወለድ የሚከፍለውን ቦንድ ለማይገዛ ሰው ሱኩክ የሚባል ሌላ ሰነድ አለ። ምሥራቁን ክፍል የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ሊያልፈው አይችልም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው ግን በቀላሉ ያመልጠዋል።

ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። የማንንም ነጋዴ ስም አላነሣሁም። ከቢሯችን ፋይል አንድ ቁጥር አልወሰድኩም። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። የደንበኛን ምሥጢር ይዞ በር የሚያንኳኳ ሰው፣ ያ በር ቢከፈትለትም፣ ነገ እዚያም ቤት ምሥጢር ይዞ እንደሚወጣ ነው የሚታየው።

ሽያጩ ሲዘጋ ከ100 ሚሊዮኑ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን ተሽጦ 3.2 ቢሊዮን ብር ገባ፤ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዛ። ዘጠኙን ገጽ ዘርፉ ውስጥ ላሉ 11 ሰዎች ላክሁ። ሥራ ስጡኝ አላልኩም። «የምሥራቅ ነጋዴዎች ያሉት ይህ ነው። እርስዎ የሚያዩት ከዚህ ጋር ይገጥማል?» ብቻ ነው ያልኩት። አራቱ መለሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዷ ደወለች። ሥራ አለን አላለችም። «ገጽ ስድስት ላይ ያለውን አስረጂኝ» አለችኝ። ገጽ ስድስት የሱኩኩ ነው።

ከዚያ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። በዕለቱ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አፌ ላይ «አንተ» እየመጣ «እርስዎ» ለማለት ስታገል ነበር የቆየሁት። አንዱ ጠየቀኝ። «ድሬዳዋ ውስጥ ምን የካፒታል ገበያ አለና ነው ይህን የወደድሽው?»

ለዚህ መልስ ነበረኝ። ድሬዳዋ ራሷ የአክሲዮን ልጅ ናት አልኩት። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ኩባንያው ገንዘቡን ያሰባሰበው አውሮፓ ውስጥ አክሲዮንና የዕዳ ሰነድ እየሸጠ ነው። የፈረንሳይ ገንዘብ አልበቃ ሲል የለንደን ገንዘብ ገባ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ተራራው ከባድ፣ ወጪውም ብዙ ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ መጣ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ። ቦታውን መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ፈረንሳይና እንግሊዝ በባቡሩ ተናቆሩ፤ ምኒልክም ጠረጠሩ፤ ኩባንያው ከሰረ። ሐዲዱ ለዓመታት እኛ ጋር ቆመ። ሌላ ኩባንያ ተረክቦት አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ከባሕር የመጣው ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ ከመሀል አገር የመጣው ቡናና ቆዳ እዚህ ይጫናል። ነጋዴው ከየአገሩ መጥቶ እዚህ ሰፈረ። በ1898 ዓ.ም. በ500,000 ፓውንድ ካፒታል የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክም ሐረርና ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ከፈተ። «ከተማዬ ከተማ የሆነችው አንድ የገንዘብ ማሰባሰብ ሥራ መንገድ ላይ ስለቆመ ነው» አልኩት። «እኔ ያደግኩት እዚያ ሐዲድ አጠገብ ነው።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ ሁሉ ስለ ዲመሬጅ፣ ስለ ኤልሲና ስለ ዱቤ ነበር።

ገባሁ። ደመወዙ ካሰብኩት ያነሰ ነበር። የቤት ኪራዩ ግማሹን ይወስዳል። ዓለም አቀፉን የሒሳብ አቀራረብ ደንብ በደንብ አላውቅም ነበር፤ እስካሁንም እየተማርኩ ነው። የሰነድ ማስረከቢያ ሲደርስ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ቁጥር ሳስተካክል እገኛለሁ። ከእኔ በስምንት ዓመት የሚያንሱ ልጆች ኤክሴሉን ከእኔ በፍጥነት ይሠሩታል። አንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳቡን ይዞ ሲመጣ ግን ክፍሉ ውስጥ ያሉት ዞር ብለው የሚያዩት እኔን ነው። አንድ ጊዜ የቀረበልን ትንበያ ላይ ዕቃ በ20 ቀን ከወደብ ሱቅ ይገባል፣ በ10 ቀን ይሸጣል፣ ሁሉም በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል የሚል ነበር። የሚመስል ሒሳብ ነው። ቀኖቹን በማውቃቸው ቀኖች ተካሁ። ትርፉ አልተነካም። በሁለተኛው ዓመት ግን በካዝናው ውስጥ ብር አልነበረም።

ለባጃጁ ልጅ የመለስኩለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር። «ሲቪህን ለጊዜው አስቀምጠው። የምትነዳው ባጃጅ የ30 ቀን ሒሳብ ሠርተህ ላክልኝ።» ፊቱ ላይ ቅሬታ አይቻለሁ። ሥራ ጠይቆ የቤት ሥራ ያገኘ ሰው ቅሬታ ነው፤ አልፈረድኩበትም።

ከአንድ ወር ከምናምን በኋላ በቴሌግራም ፎቶ መጣ። በመስመር የተከፈለ የደብተር ገጽ ነው። የዕለት ገቢ አለ። ለባለቤቱ የሚሰጠው አለ። ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ትራፊክ። በየቀኑ ስንት ሰው እንደጫነና ከየት ወዴት እንደሆነም አለ። ሳቢያን–ቀፊራ የሚለው ከሁሉ ይበዛል። ረዥም ሰዓት አየሁት። ከዚያ ጻፍኩለት። «ጎበዝ። ቤንዚን ወረፋ ላይ የቆምክበት ሰዓት የት አለ?»

ወዲያው ሁለተኛ ፎቶ መጣ። የዚያው ገጽ ጀርባ ነው። ወረፋው በሰዓት በሰዓት፣ ለ30ውም ቀን፣ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ደምሮ፣ በአንድ ሰዓት አማካይ ገቢው አባዝቶ፣ መልሱን ሁለቴ አስምሮበታል።